ሥዩም ያልሰማው ፉጨት

ሥዩም ጁባ ከገባ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። የመጣው ለሙዚቃ አይደለም። አንድ የሕንፃ ተቋራጭ አዲስ አበባ ላይ የጄኔሬተር ባለሙያ ሲያፈላልግ በሰው በሰው አገኘውና በሳምንቱ ጓዙን ሸክፎ አውሮፕላን ተሳፈረ። ከዚያ በፊት ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ፒያሳ ካለ አንድ ሙዚቃ ቤት ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ድምፃውያንን በካሴት ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው። የካሴት ዘመን ሲያልፍ ሙዚቃ ቤቱ ጫማ መሸጫ ሆነ፤ ሥዩምም እጁን ወደ ሞተር መለሰ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። አንድ ልጁ አግብታ ሐዋሳ ትኖራለች። እሱ ኀምሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

ይህን የኋላ ታሪኩን ጁባ ላይ ፈልፍሎ ያወጣው ዳምጠው ነው። ዳምጠው የኩብሪ ባንድ መሪና ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ኩብሪ በጁባ ዓረብኛ ድልድይ ማለት ነው። ባንዱ አማራት ሰፈር በሚገኘው የወይዘሮ ማንያህልሻል ሆቴል ቅዳሜና እሑድ ይጫወታል። አንድ ቀን ሥዩም የሆቴሉን ጄኔሬተር ሊያይ መጥቶ፣ ባንዱ ሲለማመድ ቆሞ አዳመጠና «ቤዙ ከበሮውን እየዋጠው ነው» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ዳምጠው ተከትሎት ወጣ። ጄኔሬተሩ ሥር ተቀምጠው ሁለት ሰዓት አወሩ።

ያን ክረምት ባንዱ ስምንት ዘፈን ቀረጸ። አምስቱ ባማርኛ፣ ሦስቱ በጁባ ዓረብኛ ነበሩ። ወይዘሮ ማንያህልሻል የዕቃ ማከማቻ ክፍሏን ለቀቀችላቸው፤ ሥዩም ደግሞ ያረጁ የሆቴል ፍራሾችን ግድግዳው ላይ ደርድሮ ስቱዲዮ አደረገው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ያቆማሉ፤ ሲያባራ ይቀጥላሉ። ድምፃዊቷ ጀውሀራ ናት። የጁባዋ ማላኪያ ሰፈር ልጅ ናት፤ በጦርነቱ ጊዜ አክስቷ ይዛት ሸሽታ አዲስ አበባ ቄራ ሰፈር አደገች፣ ሰላም ሲሆን ሃያ አራት ዓመቷ ላይ ተመለሰች። አማርኛዋን የሰማ ማላኪያ ተወለደች ቢሉት አያምንም። ስትዘፍን ዓይኗን አትጨፍንም፤ ፊት ለፊት ያለውን ፍራሽ ትኩር ብላ እያየች ነው የምትዘፍነው።

ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ ዘፈኖቹ ተጠናቀቁ። ጥር አንድ ቀን ደቡብ ሱዳኖች ለነፃነታቸው ድምፅ ሊሰጡ ነው። ከካርቱም በጀልባና በአውቶቡስ፣ ከናይሮቢና ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን ሰው ወደ ጁባ እየጎረፈ ነበርና፣ ዳምጠው ሲዲው በዚያ ሳምንት ገበያ ላይ እንዲውል ቆርጦ ተነሣ። ጁባ ላይ ሲዲ በደንብ አድርጎ የሚያባዛ አልነበረም፤ ሥራው የሚሠራው ካምፓላ ነው። ማባዣ ቤቱ የሚፈልገውን በኢሜይል ልኮላቸዋል፦ ሌሎቹ ከእሱ የሚባዙበት አንድ ማስተር ሲዲ፣ በየዘፈኑ መሀል ሁለት ሴኮንድ ዝምታ፣ የየዘፈኑ ርዕስ ከደቂቃና ከሴኮንዱ ጋር፣ የሽፋኑ ሥዕል፣ ዘፈኖቹ የራሳቸው መሆናቸውን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ።

ሥዩም ይህን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞረ። ደስ ብሎት ነበር። ከጄኔሬተሩ ሥራ በተረፈው ሰዓት ሁሉ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል፤ የዘፈኖቹን ድምፅ አንዱ ከሌላው እንዳይጎላ ያስተካክላል፣ መጀመሪያና መጨረሻቸውን ይከረክማል። «አሁንማ ድምፅ በዓይን ነው የሚታየው» ይል ነበር። «እኛ በምላጭ ነበር ቴፕ የምንቆርጠው።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ባንዱ አንድ ባዶ የእንግዳ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ ማስተሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ጀውሀራ አንገቷን ሰበር አደረገች።

«ጋሼ፣ ከጀርባ የሆነች ነገር ትጮሃለች» አለች። «እንደ ትንኝ።»

ሥዩም አቆመው። «ጄኔሬተሩ ይሆናል።»

«የጄኔሬተር ድምፅ ወፍራም ነው። ይቺ ቀጭን ናት።»

የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ ቦታውን ደጋግሞ አዳመጠ። ምንም የለም። ዳምጠውም ተቀብሎ አዳመጠ፤ እሱም ምንም አልሰማም። ጊታሪስቱ ሶሊ፣ አርባ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው፣ «ትንኟ እዚሁ ክፍል ውስጥ ናት» ብሎ አሳቃቸው። ቀጠሉ። አራተኛው ዘፈን ላይ፣ ሙዚቃው ቀዝቀዝ ብሎ ድምፅዋ ብቻውን በሚቀርበት ቦታ፣ ጀውሀራ እንደገና እጇን አነሣች።

«አሁንም አለች፣ ጋሼ።»

ሥዩምን ምን እንደነካው አያውቅም። ምናልባት ድካም ይሆናል። «ስሚ፣ ልጄ» አላት፣ «ይሄ ጆሮ አንቺ ሳትወለጂ ሥራ ላይ ነበር። የለም ካልኩ የለም።»

ጀውሀራ አንገቷን ደፋች። ከዚያ በኋላ እስከ ስምንተኛው ዘፈን ድረስ እጇን አላነሣችም።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሥዩምና ዳምጠው ካስተም ሄደው ማስተሩ ያለበትን ፖስታ ለኢስሃቅ አስረከቡ። ኢስሃቅ ካስተም ገበያ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ በየወሩ ካምፓላ እየተመላለሰ ዕቃ ያስመጣል። ፖስታውን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ «ማፊ ሙሽኪላ» አለ፣ ችግር የለም ማለቱ ነው። ለካምፓላ የተሳፈረበት አውቶቡስ በቀዩ አቧራ ውስጥ እስኪሰወር ድረስ ሁለቱ ቆመው አዩት። ዳምጠው የሥዩምን ትከሻ ያዝ አደረገና «ጋሽ ሥዩም፣ ያለ እርስዎ ይሄ ነገር አይሆንም ነበር» አለ።

ረቡዕ ዕለት ሥዩም የዘፈኖቹን ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ሊያስቀምጥ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ፕሮግራሙ ድምፅን በቀለም ዘርግቶ የሚያሳይበት መስኮት አለው፤ ወፍራሙ ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ ይወጣል። ሥዩም ይህን መስኮት ብዙም አይጠቀምበትም። ያን ቀን ግን ዝም ብሎ ከፈተው። ወደ ላይኛው ጠርዝ ጠጋ ብሎ፣ ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው፣ እንደተወጠረ ክር የቀጠነ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አየ። ጀውሀራ በምትዘፍንበትም፣ ትንፋሽ በምትወስድበትም፣ ዝም በምትልበትም አለ። ሁለተኛውን ዘፈን ከፈተ፤ አለ። ስምንቱም ላይ አለ።

መስመሩን ለብቻው ነጥሎ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶ አጫወተው። ጸጥ አለ። የጆሮ ማዳመጫው የተበላሸ መስሎት ነቅሎ ሰካው። ጸጥ።

ያ መስመር ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ከክፍሉ ጥግ፣ ከፍራሾቹ ጀርባ፣ ጀርባው የተንዘረጠጠ አሮጌ ቴሌቪዥን አለ። የሆቴሉ ባር የሳተላይት መቀበያ እዚያ ስለሆነ፣ ጣቢያ ለመቀየር እንዲመች ቀኑን ሙሉ ድምፁ ተዘግቶ ይበራል። እነሱ ሲቀርጹም ይበራ ነበር፤ ጀውሀራ ያኔ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቃ ስለምትዘፍን አላስተዋለችውም። የድሮ ቴሌቪዥን ከሆዱ ውስጥ ቀጭን ፉጨት እንዳለው ሥዩም ያውቃል። በወጣትነቱ አንድ ቤት በር ላይ ቆሞ፣ ውስጥ ቴሌቪዥን መከፈቱን በዚያ ፉጨት ብቻ ያውቅ ነበር። መቼ መስማት እንዳቆመ ግን አያውቅም።

ለጀውሀራ ደወለላት። ከማላኪያ፣ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር መጣች።

«ወደ ግድግዳው ዙሪልኝ» አላት። «ቴሌቪዥኑን አበራለሁ፣ አጠፋለሁ። ያቺ ነገር ስትሰማሽ እጅሽን አንሺ፣ ስትጠፋ አውርጂ።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ፊቷን ወደ ፍራሹ አድርጋ ቆመች። ሥዩም በሪሞት አበራው፤ እጇ ተነሣ። አጠፋው፤ ወረደ። አሁንም አበራ፤ ተነሣ። ሊያሳስታት ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ ምንም ሳይነካ ቆመ፤ እጇ እንደተነሣ ቀረ። ዐሥር ጊዜ ሞከረ፣ ዐሥሩንም ጊዜ አልሳተችም። ለእሱ ክፍሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ዝም ያለ ነበር።

ሥዩም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ዙሪ፣ ይበቃል» አላት። «እውነትሽን ነው። ፉጨት አለ። ከቴሌቪዥኑ ነው የገባው። ስምንቱም ላይ አለ።»

ጀውሀራ ቴሌቪዥኑን አየችው፣ ከዚያ እሱን። «ከውጭ ነው ማለት ነው?»

«ከውጭ ነው።»

ቀስ ብላ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «የዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለሁ» አለች፣ «ማላኪያ ከቤታችን ጀርባ የመድፍ ጥይት ወደቀ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ይጮህብኝ ነበር። አዲስ አበባ ከገባን በኋላ እየቆየ ተወኝ። ሰኞ ዕለት እርስዎ የለም ሲሉኝ፣ ዳምጠውም የለም ሲል፣ በቃ ተመለሰብኝ አልኩ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።»

ሥዩም ጆሮው መድከሙ አሳፍሮት ነበር፤ ይሄ ግን ከዚያ ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ እውነቷን ተናግራ፣ እሱ በአንድ ቃል ሕመምተኛ አድርጎ ሰደዳት።

«አጠፋሁ» አላት። «በሰው ፊት ነው የተናገርኩሽ፣ በሰው ፊት አነሣዋለሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይተዉት።»

«አልተወውም።»

ዳምጠውን አስጠርቶ፣ ጀውሀራ ባለችበት፣ መስመሩን በስክሪኑ ላይ አሳየው። ሰኞ ዕለት ትክክለኛዋ እሷ እንደነበረች፣ የተሳሳተው እሱ እንደሆነ ነገረው። ዳምጠው ፊቱ ደም መሰለ።

«ጋሽ ሥዩም፣ እኔም እርስዎም የማንሰማውን ማን ይሰማዋል? ሰው የሚያዳምጠው በታክሲ ነው፣ በባር ነው።»

«እሷ ትሰማዋለች» አለ ሥዩም። «የእሷ ዕድሜ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። አንተ ሲዲህን የምትሸጠው ለእኔ እኩያ ነው?»

ዳምጠው ወደ ጀውሀራ ዞረ። «አንቺስ? በዚሁ ይለፍ ብትዪን?»

«የባንዱ ነው፣ የእኔ ብቻ አይደለም» አለች። «ግን የራሴን ዘፈን በከፈትኩ ቁጥር የምሰማው እሷን ነው።»

ዳምጠው ውጭ ወጥቶ ስልክ ደወለ። ኢስሃቅ ካምፓላ ገብቶ ፖስታውን ማስረከቡን ነገረው። ማባዣ ቤት ያለችው ሴት ደግሞ በትሕትና አስረዳችው፦ ሥራው አርብ ይጀመራል፤ አዲሱ ማስተር እስከ አርብ ቀትር ከደረሰ ይቀየርላቸዋል፣ ካልደረሰ ግን ሠራተኛው ለገና ስለሚበተን ወረፋቸው ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ነው። ዳምጠው ተመልሶ ገባና፣ «አየር መንገድ የምትሠራው አምለሰት ነገ ከሰዓት ወደ ኢንቴቤ በሚሄደው በረራ ለመንገደኛ ታስይዝልናለች» አለ። «እስከ ነገ ስምንት ሰዓት ያድርሱልኝ።»

ፉጨቱን ማውጣት ከባድ አልነበረም። ሥዩም ያንን ክር ብቻ ለይቶ ቆረጠው፤ ስምንቱንም ለመጨረስ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ሐሙስ ጠዋት ጀውሀራን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ማስተሩ ሲዲ ላይ ከመቀዳቱ በፊት ሁሉንም እንድታዳምጥ አደረገ። ዳምጠው በር ላይ ሰዓቱን እያየ ቆሟል። የመጀመሪያው ዘፈን ተጀመረ።

«ጠፍታለች» አለች ጀውሀራ። ፊቷ በራ።

ሥዩም ደስ አለው፣ ግን ከፊቷ ላይ ዓይኑን አላነሣም። ዘፈኑ እየገፋ ሲሄድ ቅንድቧ መሀል አንዲት መስመር ወጣች፣ ቶሎ ብላ ጠፋች። ጥቂት ቆይታ እንደገና ወጣች። አቆመው።

«ምንድነው?»

«ምንም።»

«ጀውሀራ። እኔ አልሰማሁም። የምትሰሚው አንቺ ነሽ፤ ንገሪኝ።»

ዳምጠውን አየት አደረገች። «ፉጨቷ አይደለችም። ድምፄ ነው። ሰ እና ሸ ላይ ይሰላል፣ እንደ ምላጭ። ከፍራሹ ፊት ስዘፍን እንዲህ አልነበረም። ሲምባሉም አሸዋ የሚረጩ ይመስላል። የድሮ ሲዲ ሁሉ እንዲህ ስለሚል፣ እንደዚያ ነው የሚሠራው ብዬ ነበር።»

ሥዩም ወዲያው ገባው። ወራቱን ሙሉ ድምፁ ታፈነብኝ እያለ ቀጭኑን ጨምሮበት፣ አሁንም ትንሽ ጨምሮበት፣ ደስ እስኪለው ድረስ ሲከፍተው ነው የከረመው። የታፈነው ዘፈኑ አልነበረም፤ የእሱ ጆሮ ነው። ይሄ ደግሞ አንድ ክር መቁረጥ አይደለም። ስምንቱም ዘፈን ከሥር ተፈትቶ፣ ከበሮው ለብቻ፣ ጊታሩ ለብቻ፣ ድምፅዋ ለብቻ እንደገና መመጠን አለበት።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለ ዳምጠው። ድምፁ መልሱን ገና ሳይሰማ ያወቀ ሰው ድምፅ ነበር።

«ሳምንት። ምናልባት ከዚያም በላይ።»

«እንግዲያው በዚሁ ይሂድ።»

«ውሳኔው ያንተ ነው» አለ ሥዩም። «በዚህ ይሂድ ካልከኝ አሁኑኑ ሲዲ ላይ ቀድቼ እሰጥሃለሁ። ግን ያበላሸሁት እኔ መሆኔን አውቀህ ወስን። ይህን ሁሉ ዓመት ጄኔሬተር ሥር ባልቆም እንኳ ዕድሜዬ አለ። መስማት ያቃተኝን ነገር ሰምቼ አስተካከልኩት አልልህም።»

ዳምጠው ክፍሉን ለቆ ወጣ። የሆቴሉ ግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ በመስኮቱ ይታያል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ለአምለሰት ደውሎ እንዳትጠብቅ ነገራት። ከዚያም ለካምፓላ ደውሎ ወረፋቸውን ወደ ጥር እንዲያዛውሩላቸው ጠየቀ። ወደ ክፍሉ ግን አልተመለሰም። ለሥዩም ሰላምታ ሳይሰጠው ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ፤ ባንዱ ሲጫወት እንኳ ጄኔሬተሩን በተመለከተ የሚላከው መልእክት በወይዘሮ ማንያህልሻል በኩል ነበር። ሥዩም ቅር አላለውም። ሰውየው የዓመት ልፋቱ ጊዜው አልፎበታል፤ ቢቆጣ እውነት አለው።

ሥራውን የጀመሩት በማግስቱ ነው። ቴሌቪዥኑን አውጥተው ኮሪደር ላይ አስቀመጡት። ሥዩም የሚያውቀውን በሙሉ ለጀውሀራ ያሳያታል፦ ይሄ ቁልፍ ወፍራሙን ነው፣ ይሄ መሀከለኛውን፣ ይሄ ቀጭኑን። ወፍራሙንና መሀከለኛውን እሱ ይመጥናል፤ እዚያ ላይ ጆሮው አሁንም እንደ ድሮው ነው፣ ቤዙ አንዲት ነጥብ ስትዛነፍ ያገኛታል። ወደ ቀጭኑ ሲደርሱ ወንበር ይቀያየራሉ። መጀመሪያ ላይ ፈራች። ትንሽ ቀነስ ታደርግና ዞር ብላ ታየዋለች።

«እኔን አትዪኝ» ይላታል። «እዚያ ሰፈር የሚያውቀኝ የለም።»

ያን ጊዜ ትስቃለች። ከሁለት ቀን በኋላ ማየቷን ተወች። ከሦስተኛው ዘፈን መግቢያ ላይ ማንም ያላስተዋላትን ቋ የምትል ድምፅ አወጣች። የስምንተኛው ዘፈን ማለቂያ ላይ ብቻውን የሚቀረው የክራር ድምፅ ደግሞ ሳይሞት ተቆርጧል አለች፤ ሥዩም አራት ሴኮንድ ጨመረለት፣ የየዘፈኑ ርዕስና ሰዓት የተጻፈበትንም ወረቀት አስተካከለ። በዚያው ወረቀት ግርጌ፣ ማስተሩን ያዘጋጀው ከሚለው ቦታ፣ የሁለታቸውንም ስም ጻፈ። ጀውሀራ አይታ «ዘፋኝ ተብዬ ተጽፌያለሁ እኮ» አለች። «ያ ሌላ ሥራ ነው» አላት።

ጥር አንድ ቀን ጀውሀራ ገና ሳይነጋ ማላኪያ ተሰልፋ ድምፅዋን ሰጠች። ቀለም የነካ ጣቷን እንደያዘች ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮ መጥታ የመጨረሻውን ዘፈን ጨረሱ። በዚያ ሳምንት ኢስሃቅ አዲሱን ፖስታ ይዞ ሄደ።

ሲዲው የመጣው ጥር ሊያልቅ ሲል ነው፤ ከካምፓላ በመጣ ጭነት መኪና፣ ከሳሙና ካርቶኖች መሀል። ድምፅ ሊሰጥ የጎረፈው እንግዳ ግማሹ ተመልሶ ሄዷል። ባንዱ በሙሉ ካስተም ኢስሃቅ ሱቅ ተሰበሰበ። ዳምጠው ካርቶኑን በቢላ ቀዶ አንዱን አወጣና በሱቁ ማጫወቻ ከፈተው። ሥዩም በሩ አጠገብ ቆሞ ያዳምጣል። ቤዙ ክብ ሆኖ ከታች ተቀምጧል፣ የከበሮው ቆዳ ይሰማል። ከዚያ በላይ ያለውን አይሰማም። ጀውሀራ ክንዷን አጣምራ፣ የዘይት ጀሪካኖች ላይ ዓይኗን ተክላ ሦስት ዘፈን ሙሉ ሳትንቀሳቀስ አዳመጠች። ከዚያ ዞር ብላ አንዴ ራሷን ነቀነቀችለት።

ሲሚንቶ ሊገዛ የመጣ አንድ ሰው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ቆም ብሎ «ሚኑ ደ?» አለ፣ ማን ናት ማለቱ ነው። ኢስሃቅ በአገጩ ወደ ጀውሀራ አመለከተ። ሰውየው ሁለት ወሰደ።

ዳምጠው ወደ ሥዩም መጣ። «ለምርጫው ደርሶ ቢሆን ካርቶኑ እዚሁ ነበር የሚያልቀው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አሁንም ያናድደኛል።»

«እኔንም።»

«ክራሩ ግን» አለ ዳምጠው፣ «መጨረሻው ላይ እንደዚያ እንደሚቆይ አላውቅም ነበር።» ሲዲ አውጥቶ እጁ ላይ አኖረለት። ያን ቀን ምሳ አብረው በሉ።

ግማሹ ካርቶን በዓመቱ ተሸጠ፤ የቀረው የወይዘሮ ማንያህልሻል እንግዳ መቀበያ ሥር ብዙ ጊዜ ቆየ። ጀውሀራን ከተማው ውስጥ አዲስ የተከፈተ አንድ ኤፍኤም ሬዲዮ በድምፅ ሠራተኛነት ቀጠራት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ትዘፍናለች። ሥዩም ለፋሲካ አገሩ ሲገባ አዲስ አበባ ላይ ለሐኪም ታየ። ሐኪሙ ዕድሜም ነው፣ ሞተርም ነው፣ የሄደው አይመለስም አለው። ለቀረው ግን ጆሮውን የሚሸፍንበት ነገር አዘዘለት።

ከዚያ ሐዋሳ ሄዶ ለልጁ አንድ ሲዲ ሰጣት። ልጁ ወጥ እያማሰለች ከፍታ ሰማችው። አራተኛው ዘፈን ላይ፣ ሙዚቃው ዝም ብሎ ድምፁ ብቻ በሚቀርበት ቦታ፣ ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች።

«ማን ናት ይቺ፣ አባዬ?»

«አብራኝ የሠራች ልጅ ናት» አላት ሥዩም።